ለቴክአዌይ ምግብ የትኛው ማሸጊያ ይሻላል? ለመሃል አዲስ አበባ ምግብ ቤቶች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

በአራት ኪሎ፣ በፒያሳ፣ በካዛንቺስ፣ በስታዲየምና በሜክሲኮ ዙሪያ ያሉ ምግብ ቤቶች ገበያቸው ከአዳራሹ ጠረጴዛ ወደ ቢሮ ሠራተኛው ጠረጴዛና ወደ መኖሪያ ቤት እየተሻገረ በሄደ ቁጥር፣ ምግቡን የሚይዘው ዕቃ ከምግቡ ባልተናነሰ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ሆኗል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ማሸጊያ ለሚገዙ ባለቤቶች፣ ለወጥ ቤት ኃላፊዎችና ከቤታቸው ምሳ እያዘጋጁ ለቢሮዎች ለሚያቀርቡ ሰዎች ነው። በገበያ ላይ ያሉትን አማራጮች ከምግባችን ባሕርይ፣ ከሕጉና ከከተማዋ የቆሻሻ አሰባሰብ ጋር እያገናዘበ ያነጻጽራል።

ከሁሉ አስቀድሜ አቋሜን መግለጽ ይገባኛል። አንድ ዕቃ «የሚበሰብስ» ወይም «ለዳግም ምርት የሚውል» የሚል ጽሑፍ ስላለበት ብቻ የተሻለ ነው ብዬ አላምንም። የሚሻለው ዕቃ ደንበኛው በልቶ ከጨረሰ በኋላ የሚወስደው ሰው ያለው ዕቃ ነው። ቆራሌው የማይገዛው፣ የጽዳት ማኅበሩ የማይለየው፣ ወደ ወጥ ቤቱም የማይመለስ ዕቃ ምንም ዓይነት ምልክት ቢታተምበት መጨረሻው ከሌላው ጋር ተደባልቆ መጣል ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ሁሉ የተመዘነው በዚህ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን ስለ ፕላስቲክ ከረጢት የወጣው ሕግ አዲስ አይደለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑና የማይበሰብሱ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ለማምረት ወይም ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር፤ ከረጢቱ የሚበሰብስ መሆን አለመሆኑ እንዲጻፍበትም አዝዟል። ድንጋጌው ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ ስስ ፌስታል ከየሱቁና ከየምግብ ቤቱ አለመጥፋቱን ሁላችንም አይተናል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ግን ከውፍረት ገደብ አልፎ የፕላስቲክ ከረጢት ማምረትን፣ ማስገባትን፣ መሸጥንና መጠቀምን ይከለክላል፤ ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንደሚቀጣ ደንግጓል። ለምግብ ቤት ባለቤት ይህ ማለት ምሳው የሚንጠለጠልበት ፌስታል ዛሬውኑ መለወጥ ያለበት ዕቃ ነው ማለት ነው።

የአዋጁ ዋና ትኩረት ከረጢት እንጂ የምግቡ ሣጥን አይደለም። ሣጥኑን በተመለከተ ሌሎች ከተሞች የሄዱበትን መንገድ ማየት ይጠቅማል፤ ነገ ወደ እኛ ሊመጣ የሚችለው ደንብ ምን እንደሚመስል ያመለክታልና። የአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 የፎም ዕቃዎችን ከከለከለች በኋላ፣ ከ2010 አጋማሽ ጀምሮ ምግብ ቤቶች ለአንድ ጊዜ የሚያገለግሉ ዕቃዎቻቸው በሙሉ የሚበሰብሱ ወይም ለዳግም ምርት የሚውሉ እንዲሆኑ አስገድዳለች። ሳን ፍራንሲስኮ ተመሳሳይ ደንብ ሥራ ላይ ያዋለችው ከእርሷ ቀደም ብላ በ2007 ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፎም የምግብ ዕቃና የፎም ኩባያ ገበያ ላይ እንዳይቀርብ ከልክሏል። የጀርመኗ ቱቢንገን ደግሞ መከልከሉን ትታ ቀረጥን መረጠች፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ የሚጣል ኩባያ ወይም የምግብ ሣጥን 50 የዩሮ ሳንቲም ታስከፍላለች። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ፍርድ ቤቱ በ2025 መጀመሪያ ይፋ ባደረገው ውሳኔ ለከተማዋ ፈርዶላታል።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ ትልቁን ትምህርት የያዘው የሲያትል አሠራር ይመስለኛል። እዚያ «የሚበሰብስ» የሚለው ቃል ትርጉም የሚያገኘው የከተማዋን የምግብ ትራፊ ወደ ብስባሽ የሚለውጠው ድርጅት ዕቃውን ሞክሮ ሲቀበለው ነው። ምግብ ቤቱም ዕቃውን ለይቶ የሚጥልበት ዕቃ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ደንቡ ስለ ሣጥኑ ብቻ ሳይሆን ሣጥኑ ስለሚሄድበት ቦታም ጭምር ነው። እኛ ዘንድ ደንቡ ሳይመጣ ዕቃው ቀድሞ ገበያ ላይ ደርሷል፤ ቦታው ግን ገና ነው።

ከመሃል ከተማ የወጣ ማሸጊያ የት ይደርሳል?

ይህን ክፍል መዝለል ለሚፈልግ አንባቢ አትዝለለው እላለሁ፤ ምርጫው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ከምግብ ቤትም ሆነ ከቢሮ የወጣ ቆሻሻ በጽዳት ማኅበራት አባላት በማዳበሪያ ተሰብስቦ ወደ ገንዳ፣ ከዚያም በመኪና ወደ ረጲ ይሄዳል። ረጲ፣ በተለምዶ ስሙ ቆሼ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎችን የቀበረበት ቦታ ነው። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ በዚያው አካባቢ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የምግብ ትራፊና ሌላ እርጥብ ነገር በመሆኑ ሲቃጠል የሚሰጠው ሙቀት ዝቅተኛ ነው፤ ሲከመርም ውስጥ ለውስጥ እየበሰበሰ ሚቴን ጋዝ ያወጣል። «የሚበሰብስ» የተባለ ሣጥን አየር በሌለበት ክምር ሥር ሲገባ የሚጨምረው ይህንኑ ነው።

በዚህ መሃል የሚታደጉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ቆራሌው ነው፤ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ የውሃ ጠርሙስ፣ ጀሪካንና ሌላ ጠንካራ ፕላስቲክ ገዝቶ በምናለሽ ተራ በኩል ወደ ፋብሪካና ወደ አነስተኛ ማቅለጫዎች ያደርሳል። ሁለተኛዎቹ የጽዳት ማኅበራቱ አባላት ራሳቸው ናቸው፤ ከማዳበሪያው ውስጥ የሚሸጠውን እየለዩ ለገቢያቸው መደጎሚያ ያደርጉታል። ሁለቱም የሚመርጡት ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ከአንድ ነገር ብቻ የተሠራና ክብደት ያለው ነገር ነው። ወጥ የለቀለቀው ስስ ሣጥን እነዚህን አራት መስፈርቶች በአንድ ጊዜ ይጥሳል። ያልተለየውና ያልተነሣው ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ግንፍሌና ወደ ቀበና ወንዝ፣ ከዚያም በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

ፎም። ነጩ፣ ቀላሉ፣ ክዳኑ ከሥሩ ጋር የተያያዘው ሣጥን ነው። ርካሽ ነው፣ ሙቀት ይጠብቃል፣ ብዙዎቻችንም የለመድነው እርሱን ነው። ከሥሩ ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈው ቁጥር 6 ፖሊስታይሪን መሆኑን ይነግራል። አብዛኛው መጠኑ አየር ስለሆነ ማንም ሰብስቦ ሊሸጠው አይችልም፤ በቀላሉም ይሰባበራል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ምግቡ ነው። ፖሊስታይሪን የሚሠራበትን ስታይሪን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 «በሰው ላይ ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ» በሚለው ምድብ አስቀምጦታል፤ ወደ ምግብ የሚሻገረው መጠንም ምግቡ ትኩስና ቅባታማ በሆነ ቁጥር ይጨምራል። ከምጣድ የወጣ ጥብስና በቅቤ የተለወሰ ዱለት ትኩስም ቅባታማም ናቸው። ስለዚህ በእኔ እምነት ፎም ከውድድሩ ውጪ ነው፤ ርካሽነቱም ይህን አያካክስም።

የሸንኮራ አገዳ ገለባ ሣጥን። ስኳሩ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው የአገዳ ገለባ ተፈጭቶና ተጨምቆ የሚሠራ፣ ወፍራም ካርቶን የሚመስል ዕቃ ነው። ትኩስ ምግብ ይችላል፣ እንፋሎት ስለሚመጥም እንጀራን አያልበውም፤ ይህ ለእኛ ምግብ ትልቅ ብልጫ ነው። ደካማ ጎኑ ውሃ የበዛበት ወጥ ረዘም ላለ ጊዜ ሲቀመጥበት መለስለሱና ዘይት ወደ ታች ማውጣቱ ነው። ይህን ለመከላከል አንዳንድ አምራቾች የፍሎሪን ውህዶች ይጨምሩበት ነበር፤ እነዚህ ውህዶች በአፈርም ሆነ በሰውነት ውስጥ ለብዙ ዘመን የማይፈርሱ በመሆናቸው ሳን ፍራንሲስኮ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በምግብ ዕቃ ላይ እንዳይገቡ ከልክላለች፤ በአሜሪካ የሚበሰብሱ ዕቃዎችን የሚመሰክረው አካልም ከዚያው ዓመት ጀምሮ እነርሱ ለተጨመሩበት ዕቃ ማረጋገጫ አይሰጥም። ሲገዙ ፍሎሪን የሌለበት መሆኑን በጽሑፍ ይጠይቁ። ይህ ሣጥን ፎምን ለመተካት የሚመች ቢሆንም፣ ወደ ረጲ የሚሄድ ከሆነ የመበስበሱ ጥቅም እንደማይገኝ አይዘንጉ። ግቢ ያለው፣ አትክልት የሚያለማ ወይም ከከተማ ግብርና ማኅበር ጋር የሚሠራ ቤት ግን ቀዳዶ ከአትክልት ልጣጭ ጋር ሊያበሰብሰው ይችላል። ወንጂና መተሐራ የአገዳ ገለባቸውን ለማሞቂያ ምድጃቸው የሚያቃጥሉት መሆኑን ሳስብ፣ ይህን ዕቃ እዚሁ የሚሠራ ሰው ቢነሣ እያልኩ እመኛለሁ።

ከበቆሎ ስታርች የሚሠራው ብርጭቆ መሳይ ፕላስቲክ። መልኩ ከጭማቂ ኩባያ አይለይም፤ ቴክኒካዊ ስሙ ፒኤልኤ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ዕቃ ላይ ነው፤ ከተክል መሠራቱ በየትም ቦታ ይበሰብሳል ማለት አይደለም። በደንብ የሚበሰብሰው ወደ 58 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት፣ በባለሙያ በሚገለበጥ የብስባሽ ክምር ውስጥ ነው። የአውሮፓው ኢኤን 13432 የተባለው መስፈርት አንድ ዕቃ በእንዲህ ዓይነት ክምር ውስጥ በ12 ሳምንት 90 በመቶው ተሰባብሮ እንዲያልቅ ይጠይቃል፤ መስፈርቱ የፋብሪካን ሁኔታ እንጂ የጓሮ ጉድጓድን አይለካም። ሌሊቱ በሚቀዘቅዝባት አዲስ አበባ ትንሽ ክምር ያን ያህል ሙቀት ይዞ አይቆይም። ከዚህም በላይ ዕቃው ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሲደርስ ስለሚለሰልስ ማኪያቶም ሆነ ሾርባ አይችልም፤ ከውሃ ጠርሙስ ጋር ተቀላቅሎ ሲሸጥ ደግሞ የቆራሌውን ሸቀጥ ያበላሻል። ለመሃል አዲስ አበባ አልመክረውም።

በፕላስቲክ የተለበደ ወረቀት። የቡና ኩባያው፣ የሾርባው ሲሊንደርና መስኮት ያለው ቡናማ ሣጥን በአብዛኛው ወረቀት ብቻ አይደሉም፤ ፈሳሽ እንዳያፈስሱ በስስ ፕላስቲክ ተለብደዋል። ወረቀቱ በፕላስቲኩ ምክንያት አይበሰብስም፣ ፕላስቲኩም በወረቀቱ ምክንያት አይቀልጥም። ለማኪያቶ ሌላ ምርጫ ሲጠፋ ይጠቀሙበት፤ ነገር ግን ተፈጥሯዊ በሚመስል ቀለሙ ብቻ ተጨማሪ ዋጋ አይክፈሉበት። ያልተለበደ ካኪ ወረቀት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለሳምቡሳ፣ ለቦምቦሊኖ፣ ለዳቦና ለተጠቀለለ እንጀራ በቂ ነው፤ ሳይነካካ ከተረፈም ከካርቶን ጋር ይሸጣል።

አሉሚኒየም። ሙቀትን በመቻል የሚስተካከለው የለም፣ ቆራሌውም ያውቀዋል። አሮጌ አሉሚኒየምን አቅልጦ እንደገና መሥራት ከማዕድኑ ከመሥራት ወደ 95 በመቶ የሚደርስ ኃይል ይቆጥባል። ሆኖም ሁለት ገደቦች አሉት። ስስ ፎይል ሲቀልጥ ጥቂት የማይባለው ክፍሉ ወደ አመድ መሳይ ዝቃጭ ስለሚለወጥ፣ ዋጋ የሚያወጣው ወፈር ያለው ትሪ ነው፤ እርሱም ታጥቦ ሲጠፈጠፍ ነው። ሁለተኛው ገደብ ኮምጣጣ ምግብ ነው። የእንጀራው እርሾ፣ ሎሚ፣ ቲማቲምና አዋዜ ከጨው ጋር ሲሆኑ አሉሚኒየሙን እየሸረሸሩ ወደ ምግቡ ያስገባሉ። ለጥብስ፣ ለተጠበሰ ዓሣና ለዶሮ አሮስቶ ተስማሚ ነው፤ ለፍርፍር፣ ለቲማቲም ለብለብና ለስልጆ ግን አይሆንም።

ክዳን ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ቁጥር 5። ፖሊፕሮፒሊን ይባላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ከድስት የወጣ ሽሮም ሆነ ምስር ለዚህ ዕቃ ከአቅሙ በታች ነው። አያፈስስም፣ ተደራርቦ ይቀመጣል፣ ደንበኛውም ብዙ ጊዜ አጥቦ ለስኳርና ለቅመም ያስቀምጠዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ተበልቶበት ከተጣለ ፕላስቲክ ነውና ከፎም ብዙም አይሻልም። እየተመለሰ የሚያገለግል ከሆነ ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ይህም ወደ ዋናው ሐሳቤ ያደርሰኛል።

ተመላላሽ ዕቃ

የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ መያዣ ከፍሎ ያላደገ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ሱቁ ጠርሙስ ካላመጣን መያዣ ይቀበለናል፣ ስንመልስ ይመልስልናል፤ ጠርሙሱም መንገድ ላይ ወድቆ አይገኝም። ከዚያም በፊት መንገደኛ ስንቁን የሚይዘው በቆዳ በተለበጠ አገልግል ነበር። አገልግል ደግሞ ባዶውን ወደ ቤት ይመለሳል እንጂ አይጣልም። ስለዚህ ለሕዝባችን እንግዳ ነገር እየጠየቅን አይደለም።

ይህ አሠራር ከሁሉ በተሻለ የሚሳካው መሃል ከተማ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ደንበኞቹ በጥቂት ሕንፃዎች ውስጥ የተሰበሰቡና በየቀኑ የሚያዝዙ የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። የዛሬውን ምሳ የሚያደርስ ልጅ የትናንቱን ባዶ ዕቃ ይዞ ይመለሳል፤ ለመመለስ ተብሎ የሚደረግ የተለየ ጉዞ የለም። ለቋሚ ደንበኛ መያዣው አንድ ጊዜ ብቻ ይያዛል፤ ለአላፊ አግዳሚው ግን በየጊዜው መያዝ ወይም የሚጣል ሣጥን መስጠት ያስፈልጋል። ከማይዝግ ብረት የተሠራው ምሳ ዕቃ ውድ ቢሆንም ለዓመታት ያገለግላል፣ ሽታም አይዝም፤ ቁጥር 5 ፕላስቲኩ ርካሽ ቢሆንም በርበሬና ቅቤ ቀለማቸውንና ሽታቸውን ይተውበታል።

ሽታ የመያዙ ነገር እኛ ዘንድ ከንጽሕና የበለጠ ትርጉም አለው። የሚጾም ደንበኛ ትናንት ክትፎ በነበረበት ዕቃ ዛሬ በያይነቱ ቢቀርብለት በደንብ የታጠበ መሆኑ አያጽናናውም፤ ልክም ነው። ስለዚህ የፆምና የፍስክ ዕቃዎች ከመጀመሪያው በክዳን ቀለም ተለይተው መገዛት፣ ተለይተው መታጠብና ተለይተው መደርደር አለባቸው። ሥጋን በተመለከተ ለሙስሊም ደንበኞችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህን ልዩነት አክብሮ የሚሠራ ቤት የደንበኛውን እምነት ያገኛል፤ ዕቃውም ይመለስለታል።

ወጪውን ለማስላት የዕቃውን ዋጋ ብቻ መመልከት ያሳስታል። ለምሳሌ ተመላላሹ ዕቃ ከሚጣለው በ10 እጥፍ ውድ ነው ብንልና በየዙሩ ከ20 ዕቃዎች አንዱ ቢጠፋ፣ አንድ ዕቃ በአማካይ 20 ጊዜ ያገለግላል ማለት ነው፤ ከማጠቢያ ወጪው በፊት የአንድ ጊዜ ወጪው የሚጣለውን ግማሽ ይሆናል። ከ5 ዕቃዎች አንዱ የሚጠፋ ከሆነ ግን ዕቃው የሚያገለግለው 5 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ባለቤቱ ይከስራል። እንግዲህ ትርፉን የሚወስነው መያዣው እንጂ የዕቃው ጥራት አይደለም። መያዣው ዕቃውን ለመተካት የሚበቃ፣ ደንበኛውን ግን የማያስደነግጥ መሆን አለበት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ደግሞ ማጠቢያው በሮቶ ውሃ ላይ እንደሚመሠረት ታስቦ፣ ከቀን ፍጆታው ቢያንስ እጥፍ የሚሆን ዕቃ ቢዘጋጅ ይመከራል።

ለየትኛው ምግብ የትኛው?

በያይነቱ ከሁሉ አስቸጋሪው ነው፤ ብዙ ወጥ ሳይደባለቅ፣ እንጀራውም ሳይርስ መድረስ አለበት። የተሻለው ዘዴ እንጀራውን በካኪ ወረቀት ጠቅልሎ ለብቻው፣ ደረቅ አትክልቱንና ጎመኑን በአገዳ ሣጥን፣ ሽሮና ምስሩን በትንንሽ ባለ ክዳን ተመላላሽ ዕቃ ማድረግ ነው። ሁሉንም በአንድ ሣጥን እንጀራ ላይ አፍስሶ የመላክ ልማድ ግን ምግቡንም ሣጥኑንም ያበላሻል።

ለክትፎ በከተማችን ሁልጊዜ የማይታሰብ፣ ግን የቆየ ምርጫ አለ፤ የኮባ ቅጠል። ድፎ ዳቦ የሚጋገርበት፣ በክትፎ ቤቶችም ምግቡ የሚቀርብበት ቅጠል ታጥቦና በእሳት ለብ ተደርጎ ሲለሰልስ ቅቤ አያሳልፍም፣ ለምግቡም መዓዛ ይጨምራል። ቅጠሉን ከውስጥ፣ ካኪ ወረቀቱን ከውጭ አድርጎ ማሰር ለክትፎ፣ ለአይብና ለቆጮ ይበቃል፤ ሁለቱም ያለ ምንም ፋብሪካ ይበሰብሳሉ።

ለጭማቂ ጥርት ያለ፣ ክዳኑ የሚጠመዘዝ ጠርሙስ ሰፊ አፍ ካለው ኩባያ ይሻላል። ሁለቱም ቁጥር 1፣ ማለትም የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን ገዢዎቹ የለመዱት «ሃይላንዱን» ነው፣ ኩባያው በሌላ ዘዴ የሚቀረጽ በመሆኑም ማቅለጫዎች ከጠርሙስ ጋር መደባለቅ አይወዱም። ቀለም የሌለው ጠርሙስ ይምረጡ፤ ባለ ቀለሙ ዋጋው ይወርዳል። ማንኪያ፣ ሹካና የመጠጫ ቀሰም ደግሞ ሳይጠየቁ አይስጡ፤ ምግባችን አብዛኛው በእጅ የሚበላ ነው።

ከረጢትን በተመለከተ፣ ወፈር ያለው ካኪ ወረቀት ለአንድና ለሁለት ሰው ምሳ ይበቃል፤ ታቹ ሲርስ ስለሚቀደድ ግን የሚያንጠባጥብ ዕቃ አይግባበት። ለትላልቅ ትዕዛዞች የጨርቅ ቦርሳ ወይም ዘንቢል ከዕቃው ጋር እየተመለሰ ቢሠራ የተሻለ ነው። «የሚበሰብስ ፌስታል» ተብሎ የሚቀርብ ነገር ሲያጋጥምዎ ይጠንቀቁ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በተራ ፕላስቲክ ላይ የሚያሰባብር ኬሚካል የተጨመረባቸው ናቸው፤ ወደ አፈር አይለወጡም፣ ዓይን ወደማያየው የፕላስቲክ ብናኝ እንጂ። የአውሮፓ ኅብረት ከፎሙ ጋር አብሮ የከለከላቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከመግዛት በፊት

አቅራቢው ስለ ዕቃው የሚናገረውን መስማት ብቻውን አይበቃም። ከምን እንደተሠራ፣ በውስጡ ልባድ መኖር አለመኖሩን፣ ስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚችልና «የሚበሰብስ» ከተባለ በየትኛው መስፈርት እንደተመሰከረለት በወረቀት ይጠይቁ። ከዚያ ጥቂት ናሙና ወስደው በራስዎ ወጥ ቤት ይፈትኑ። ዘይቱ የሚታይ ትኩስ ሽሮ ሞልተው ክዳኑን ዘግተው ለአንድ ሰዓት ያህል ያቆዩት፤ በምሳ ሰዓት ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ የሚሄድ ሞተር መንገድ ሲዘጋበት የሚፈጅበት ጊዜ ከዚህ ብዙ አያንስም። ሣጥኑን አዘንብለው፣ ቀጥሎም ሌላ ሣጥን ጭነውበት ታቹን በነጭ ወረቀት ይጥረጉ። ዘይት ካወጣ ለሽሮ አይሆንም፤ ለሩዝ ወይም ለጥብስ ግን ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ፈተና ከወጥ ቤት ውጪ ነው። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን በርዎ ላይ ቆሻሻ የሚያነሡት የማኅበር አባላት የትኛው እንደሚሸጥና የትኛው እንደሚጣል ከማንኛውም አስመጪ በተሻለ ያውቃሉ። ናሙናውን ያሳዩአቸው፣ ይወስዱት እንደሆነም ይጠይቋቸው፤ የሚወስዱት ከሆነ ታጥቦና ደርቆ በተለየ ማዳበሪያ እንዲጠብቃቸው ከወጥ ቤት ሠራተኞችዎ ጋር ይስማሙ። ምግብ ትራፊው ከደረቁ ከተለየ በኋላ የሚሸተው ማዳበሪያ አንድ ብቻ ይሆናል፤ ሌላውን የሚሸከሙት በደስታ ነው።